ሦስት ክልክል፣ አንድ ሆድ

ሐኪሜ ስንዴ እንድተው ባዘዘችኝ ሳምንት፣ በስንዴ ውስጥ ካለው ፕሮቲን፣ ከግሉተን፣ ነጻ የሆነ የመጀመሪያዬን ዳቦ ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ በመስመር የተሰረዘ የስንዴ ዛላ ተስሏል። ያንን ሥዕል ሳይ የተሰማኝ እፎይታ የሚያሳፍር ነበር፤ ሌላ አንዲት ቃል ሳላነብ ሁለት ቁራጭ በላሁ። ዳቦው ጣት ሲነካው እንደ ደረቅ አሸዋ ይፈርሳል። ቢሆንም ዳቦ ነው ብዬ ፍርፋሪውን ሳይቀር ከሳህኑ ላይ እየለቀምኩ ጨረስኩት። ማታ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

በማግስቱ ማሸጊያውን ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውጥቼ፣ ጨምድጄው ስለነበር ጠረጴዛ ላይ በመዳፌ እየዳመጥኩ አነበብኩት። የሩዝ ዱቄት፣ የበቆሎ ስታርች፣ ውሃ፣ እንቁላል፣ የአኩሪ አተር ዱቄት፣ የአጓት ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው። ግሉተን የለውም መባሉ እውነት ነው፤ ዋሹኝ ማለት አልችልም። ወተትና አኩሪ አተር እንደማይስማሙኝ ግን ዳቦ ጋጋሪው ከየት ይወቅ?

ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ጋጋሪውን መውቀስም አቃተኝ። እርሾ የሚፈጥረውን አየር አምቆ ይዞ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ግሉተን ነው። በሊጡ ውስጥ እንደ መረብ ይዘረጋል። መረቡን ሲያወጡት ሩዝና ስታርች ብቻቸውን አየሩን መያዝ አይችሉም፤ ዳቦው ይተኛል፣ ይደርቃል፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ጋጋሪው የመረቡን ሥራ በከፊል እንኳ የሚተካ ሌላ ፕሮቲን ይፈልጋል። እንቁላል አንዱ ነው። ከወተት የሚወጣ ዱቄትና አኩሪ አተር ደግሞ ለፋብሪካ የሚመቹ፣ ቀለምና ልስላሴም የሚጨምሩ ናቸው። ለአብዛኛው ሰው መልካም መፍትሔ ነው። ለእኔ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ።

ሦስቱ ክልክሎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ያለው ችግር እዚህ ጋር ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢሆኑ መልስ አላቸው፤ ነገር ግን የአንዱ መልስ የሌላው በሽታ ነው። ወተት ለማይስማማው ሰው ተብሎ የተሠራውን እርጎ ገልብጬ ሳነብ አኩሪ አተር አገኛለሁ። አኩሪ አተር የሌለበትን ብስኩት ሳነሣ በቅቤ ተለውሷል። ሁለቱም የሌሉበትን ኬክ ባገኝ ዱቄቱ ስንዴ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስዞር ጠብቆኝ ሲሰለቸው፣ “እህቴ፣ አንቺ እኮ ከምትበዪው የምታነቢው ይበልጣል” አለኝ። ተናደድኩበት፤ እውነቱን ስለተናገረ።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዳቦው በፊት ነው። ለዓመታት ደሜ ያንሳል፤ የብረት ማዕድን እንክብል እውጣለሁ፤ ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ሆዴ ይነፋል፣ ከተቀመጥኩበት መነሣት ያቅተኛል። አንዱ ሐኪም ጭንቀት ነው አለኝ፤ ሌላው ጨጓራ ነው አለ። እኔ በራሴ ጊዜ ወተት ነው ብዬ ደመደምኩና ተውኩት። ስተወው ደግሞ በእርግጥ ቀለል አለኝ። ይህ “ቀለል አለኝ” ነው ያሳሳተኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ዋናው ጥፋተኛ በየቀኑ በሳህኔ ላይ እየቀረበ እኔ ወተቱን ስደበድብ ኖርኩ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዘች፤ ቀጥሎም በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወሰደ። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የተባለው የስንዴ ዘመድ በያዙት ግሉተን ምክንያት የሰውነት መከላከያ በራሱ በአንጀት ላይ ይነሣል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ፤ ምርመራው የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። አስቀድሞ ከተወው ደሙም አንጀቱም እያገገመ ስለሚሄድ ውጤቱ “የለብህም” ሊል ይችላል። እኔ ወተቱን በተውኩበት ጀግንነት ስንዴውንም ልተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያንን አድርጌ ቢሆን ምናልባት ዛሬም የብረት እንክብል እየዋጥኩ ነበር።

የወተቱን ነገር ያስረዳችኝ ያቺው ሐኪም ናት፤ በወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለች። የትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ጥቃቅን ጣቶች ተተክለውበታል። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ጣቶች በኩል ነው። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ የሚገኘው በጣቶቹ ጫፍ ላይ ነው። ሴሊያክ ጣቶቹን ሲያጎብጥና ሲላጭ መጀመሪያ የሚጠፋው ጫፋቸው ነው። ኢንዛይሙ ይጠፋል፤ ላክቶሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያቦኩታል፤ ጋዝ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። “ስለዚህ ወተቱ የበሽታው ልጅ ነው” አለችኝ። “ግሉተኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ ወተቱ ግን አንጀትሽ ሲድን ሊመለስ ይችላል። ወራት፣ ምናልባትም ዓመት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ያኔ እንፈትሸዋለን።”

እኔ የሰማሁት “የዕድሜ ልክ” የሚለውን ብቻ ነበር። የቀረውን አላስታወስኩትም፤ ወይም ማስታወስ አልፈለግሁም።

ይህ በሽታ ሰውን ሲያሳስት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጂ እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ በሽታው ባሳተመው ጽሑፍ መዳን ካለ በአመጋገብ ነው ብሎ ነበር። ልክ ነበር። ነገር ግን ለሕሙማኑ ከፈቀዳቸው ነገሮች አንዱ በስሱ ተቆርጦ ሁለት ጎኑ የተጠበሰ ዳቦ ነው! በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ሕፃን አለ። ሙሴል የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት በየቀኑ ይበላ ነበር፤ በዚያም ሰውነቱ አማረ። የሙሴሉ ወቅት ሲያልፍ ታመመ። በሚቀጥለው ዓመት ወቅቱ ሲመጣ ግን ልጁ በልመናም ቢሆን አልበላም አለ። ሐኪሞች ያንን የሚያነቡት ስለ በሽታው ለማወቅ ይሆናል። እኔ ልጁን እረዳዋለሁ። ከሦስት ወር የሩዝና የድንች ኑሮ በኋላ ሩዝ ሲሸተኝ ፊቴን አዞር ነበር።

ስንዴው መሆኑን ያረጋገጠው የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ፣ ሌላው ሰው እየከሳ የእሱ ሕሙማን ሕፃናት ግን ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ በሽታቸው ተመለሰ። በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ላይ አቀረበ። አውጥቶ ማየት፣ መልሶ አስገብቶ ማየት። ዘዴው ይኸው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ወድጄው ሁለተኛውን ረሳሁት።

አኩሪ አተር የመጣው በሌላ በር ነው። ወተት ስተው በምትኩ የአኩሪ አተር ወተት መጠጣት ጀመርኩ፤ ጠዋት በትልቅ ኩባያ። ስንዴ ስተው ደግሞ ዳቦውም፣ ብስኩቱም፣ ስጋ መሰል ነገሩም አኩሪ አተር ሆነ። ቀደም ሲል አልፎ አልፎ የምቀምሰው ነገር በቀን አራት ጊዜ ሆዴ ውስጥ ይገባ ጀመር። አኩሪ አተር እንደ ብዙ ጥራጥሬ ሁሉ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉት። እነዚህን የሚቆርጥ ኢንዛይም ማንኛችንም የለንም፤ ስለዚህ የሁሉም ሰው ትልቁ አንጀት ያቦካቸዋል። ልዩነቱ የመጠንና የአንጀቱ ቁጣ ነው። የእኔ አንጀት ያን ጊዜ ቁስል ነበር።

ይህ ከአለርጂ ይለያል፤ ልዩነቱም የቃላት ጨዋታ አይደለም። በወተት ወይም በአኩሪ አተር ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው በጥቂት ፍርፋሪ ፊቱ ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊያጥረው ይችላል። ከዚህ በታች ስለ መሞከር የማወራው ለእሱ አይደለም፤ እሱ የሚሞክረው ሐኪም ባለበት ነው። የእኔ ዓይነቱ የወተትና የአኩሪ አተር አለመስማማት ሰው አይገድልም። ያዋርዳል እንጂ።

ማንበብን እንደ ሙያ ተማርኩት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ 14 የአለርጂ መነሻዎች በግብዓቶች ዝርዝር ውስጥ ጎላ ብለው መጻፍ አለባቸው፤ ግሉተን ያላቸው እህሎች፣ ወተትና አኩሪ አተር ሦስቱም ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። በአሜሪካ ዝርዝሩ 9 ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ስንዴ እንጂ ገብስ አይደለም። ስለዚህ ስንዴ አለመጻፉን አይቶ የተጽናና ሰው በገብስ ብቅል ሊያዝ ይችላል። ብቅል ደግሞ ጣፋጭ ነገር ውስጥ፣ ቁርስ ላይ የሚበላው ኮርንፍሌክስ ውስጥ ይገባል። የአኩሪ አተር ስጎ በስሙ አንድ ክልክል ያስመስላል፤ በተለመደው አሠራሩ ግን ስንዴም አለበት፤ ለእኔ በአንድ ጠርሙስ ሁለት ማለት ነው። “ወተት አልባ” ተብሎ ለቡና የሚሸጥ ዱቄት ጀርባው ላይ ሶዲየም ኬሲኔት የሚል ይገኝበታል፤ ኬሲን የወተት ፕሮቲን ነው። ላክቶስ ለማይስማማው ሰው ግድ የለውም፤ አለርጂ ላለበት ግን አደጋ ነው። በጣም ያሳቀኝ ደግሞ የመድኃኒት እንክብል ነው። ለሆዴ የታዘዘልኝ እንክብል ማሟያው ላክቶስ ሆኖ አገኘሁት። መጠኑ ኢምንት ስለሆነ የሚጎዳው ጥቂት ሰው ነው፤ ቢሆንም ስቄ ስቄ አለቀስኩ።

“ከግሉተን ነጻ” የሚለውም ቃል የራሱ ልክ አለው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ነው የሚለው። ይህንን ሳውቅ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ዜሮ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ወጥ ቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። ሌሎች የሚጋግሩበት የእንጨት ማማሰያ፣ የፓስታ ማጥለያው ቀዳዳ፣ በጋራ የምንጠቀምበት ማርማላታ ውስጥ የቀረ የዳቦ ፍርፋሪ። አደጋው ከፋብሪካው ይልቅ እዚያ ነበር። ማጥለያውንና ማማሰያውን ለይቼ ገዛሁ። ማርማላታው ላይ ስሜን ጻፍኩበት፤ ወንድሜ ከሥሩ “የንጉሣውያን ቤተሰብ” ብሎ ጨመረበት።

ሰው ቤት መብላት ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሦስት ነገር ስትዘረዝር የጋባዡ ፊት ሲቀየር ይታያል። አንዱን ቢሰማ ያዝንልሃል፤ ሁለተኛው ላይ ይጨነቃል፤ ሦስተኛው ላይ ቅንጦት ነው ብሎ ይደመድማል። በልቼ የምመጣበት፣ በቦርሳዬ የተቀቀለ ድንች የምይዝበት ጊዜ ነበር። ከጊዜ በኋላ የማልበላውን መዘርዘር ትቼ የምበላውን መናገር ጀመርኩ፤ “ስጋ፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ አትክልት፣ ዘይት፣ ጨው ካለ ለእኔ ድግስ ነው።” ጋባዡም ትከሻው ይወርዳል፣ እኔም ሆዴን ይዤ አልመለስም።

የአኩሪ አተር ወተቱን ስተው ደግሞ የካልሲየም ነገር መጣ። አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ አንድ ኩባያ ወተት ብቻውን 300 ያህል ይሰጥ ነበር። ሴሊያክ በራሱ አጥንት ያሳሳል፤ ወተቱንም አኩሪ አተሩንም ሲተዉ ክፍተቱ ይሰፋል። ከነአጥንቱ የሚበላ ሰርዲን፣ ጥቁር አረንጓዴ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ካልሲየም የተጨመረበት የሩዝ ወይም የለውዝ መጠጥ። መጠጡን ሳይነቀንቁ መቅዳት ከንቱ መሆኑን የተረዳሁት አንድ ቀን ባዶውን ጠርሙስ ሳጥብ ነው፤ ካልሲየሙ ሁሉ እንደ ኖራ ሥሩ ላይ ተኝቶ ነበር።

ግሉተን ከተውኩ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ደሜ ሞልቷል፣ ኃይሌ ተመልሷል። ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩት የክልክሎች ዝርዝር ግን 23 ደርሶ ነበር። ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይ፣ ወተት፣ አይብ፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ አኩሪ አተር በየስሙ፤ ከዚያ ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቸኮሌት። አንድ ቀን ሆዴን ያመመኝ እንደሆነ በዚያ ቀን የበላሁት ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ይሰፍራል። ሌላ ሰው ደግሞ ስለ አንድ ነገር መጥፎ ከነገረኝ እሱም ይሰፍራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። መከልከል ቀላል ነበር፤ ማታውኑ ውጤቱ ይታያል፤ ራስህን የተቆጣጠርክ ይመስልሃል። ኪሎዬ ግን እየወረደ ነበር።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሌላ ምክር ስጠብቅ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ “ከእነዚህ ውስጥ መልሰሽ የሞከርሽው ስንቱን ነው?” መልስ አልነበረኝም። ብዕር አንሥታ ግሉተን ያለባቸውን ሦስቱን እህሎች አሰመረችባቸው። “እነዚህን አንነካም። ለሌሎቹ ግን ማስረጃ እፈልጋለሁ” አለችኝ።

የሰጠችኝ ሕግ አጭር ነበር፦ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ፤ ሦስት ቀን መጠኑን እየጨመሩ፣ ቀሪውን ቀን ያለሱ። ሁሉም በደብተር ይጻፋል፤ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ የሆነው። ቲማቲም በመጀመሪያው ሳምንት ነጻ ወጣ። ምስሩ ደኅና ታጥቦ ሲቀቀል ነጻ ነው። ሽንኩርቱ በብዛት ሲሆን ያስቀይማል፤ ስንዴ የሚያስቀይመውን ብዙ ሰው ሽንኩርትም የሚያስቀይመው ሁለቱም ፍሩክታን የተባለ ስኳር ስላላቸው ነው፤ ይህም ከግሉተን ጋር አይገናኝም።

ከዚያ አኩሪ አተር። የምፈራው ስለነበር በቀላሉ ጀመርን። የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይት፦ ምንም። ፕሮቲኑም ስኳሩም በማጣራት ወጥቶለታል። ከአኩሪ አተር የሚወጣ ሌሲቲን የተባለ ቅባት ያለበት ቸኮሌት፦ ምንም። ለካ ያ ሁሉ ቸኮሌት ያለጥፋቱ ታስሮ ነበር! ጠንካራው ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው አይብ መሰል ነገር፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል፦ ትንሽ መነፋት፤ ሲሠራ ውሃው ስለሚጨመቅ ስኳሩ ከውሃው ጋር ይሄዳል። የአኩሪ አተር ወተት፣ ግማሽ ኩባያ፦ በአራተኛው ሰዓት ከበሮው ተመለሰ። ደብተሬ ላይ በዚያ ቀን የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፣ አልደግመውም። የአኩሪ አተር ዱቄትም እንደዚያው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ “አኩሪ አተር” የሚለው ተሰርዞ በምትኩ “የአኩሪ አተር ወተትና ዱቄት” ተጻፈ። ሁለት ቃል ብቻ ነው የተጨመረው። በመደብር መደርደሪያ ላይ ግን ግማሹን ግድግዳ ከፈተልኝ።

ወተቱን መጨረሻ ላይ አቆየሁት። ባለሙያዋ ብዙ ሰው፣ ላክቶስ የማይስማማው እንኳ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ወተት ያህል፣ ያለ ከባድ ችግር ይችላል ብላኛለች። ዕድሜ ሲጨምር ላክቴዝ መቀነሱ ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሆነው ሰው የሚጋራው ነገር ስለሆነ፣ ድሮም ሙሉ ላይሆንልኝ ይችላል፤ ይህንንም ነግራኛለች። በደረቅ አይብ ጀመርኩ፤ ሲበስልና ሲያረጅ ላክቶሱ ከሞላ ጎደል ያልቃል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቆርጬ ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። ጨው፣ ከዚያ ስብ፣ ከዚያ ያ ጠለቅ ያለ ጣዕም። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ምንም አልሆንኩም። ቀጥሎ እርጎ፣ ሁለት ማንኪያ፤ አራት ማንኪያ። ቀጥሎ ላክቶሱ በኢንዛይም የተፈጨለት ወተት፤ ስኳሩ ስለተሰነጠቀ ከተለመደው ይጣፍጣል፣ እንግዳ ነገር ነው።

የመጨረሻው እሑድ ጠዋት የተለመደውን ወተት ኩባያው ላይ እስከ ግማሽ ቀዳሁ። ወንድሜ በሩ ላይ ተደግፎ፣ “ሰዓት ልያዝልሽ?” አለኝ። ያዘልኝ። አራት ሰዓት አለፈ፣ ስድስት አለፈ። ማታ ደብተሩን አውጥቼ በሰዓቱ ረድፍ፣ በመጠኑ ረድፍ ሞላሁና ሦስተኛው ረድፍ ላይ “ምንም” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ጋ ሄጄ ወረቀቱን ነቀልኩት። በአዲሱ ላይ ስድስት መስመር አለ። ወንድሜ አንብቦት ሲያበቃ ማርማላታውን አወጣና የጻፈውን መፋቅ ጀመረ።